እጅ ሲደነዝዝ፦ በፍርሃት የደበቅነው በሽታ ታሪክ



የታሪክ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከነገሥታትና ከጦርነት ይጀምራል። እኔ ግን ከአንድ ሸማኔ እጅ ልጀምር። የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። ሴቻ የከተማዋ የላይኛው ክፍል ነው፤ ከዚህ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩ የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ይታያሉ፤ ሽቅብ ሲያዩ ደግሞ የዶርዜና የጨንቻ ደጋ አለ። የዚያ ደጋ ሰዎች በሽመና ሙያቸው በአገሪቱ ሁሉ የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በእጃቸው ነው። ከእነሱ መካከል አንዱ ጎረቤቴ ነው።

ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ በእጁ መጨበጥ ተወ። ሲያገኘን መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ያቀርብና ያልፋል። አክብሮት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከዒሻእ ሶላት በኋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ መስጂዱ በር ላይ አገኘኝ። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለና ግራ እጁን ከጋቢው ውስጥ አወጣ። ትንሿ ጣቱ ተቃጥላ ውኃ ቋጥራለች። «ከጀበና ነው መሰለኝ። ስቃጠል አልተሰማኝም። በመጀመሪያ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወረኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ጭራሽ ደንዝዟል። ለሚስቴም አልነገርኳትም» አለኝ።

አንባቢያን ሆይ፣ አሁን የምጽፈውን ስጽፍ አፍራለሁ። እጁን ለማየት ዘርግቼው የነበረውን እጄን መለስኩ። ምንም ቃል አልተናገርኩም፤ እሱም አልተናገረም። ግን አየኝ። ልጆችን የታመመን መጠየቅ ዒባዳ ነው እያልኩ የማስተምር ሰው፣ አንድ በሽተኛ አምኖኝ ምስጢሩን ሲገልጥልኝ እጄን ሰበሰብኩበት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ይህን ፍርሃት ማን አስተማረኝ?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በአገራችን እጁ የደነዘዘ ሰው በቅድሚያ የሚፈራው አንድ በሽታ ነው፤ እሱም ሥጋ ደዌ ነው። ስሙን መጥራት እንኳ ያስፈራል፤ ብዙ ሰው «ያ በሽታ» ብሎ ያልፈዋል። በዘር ይወረሳል ይባል ስለነበር አንድ ሰው ሲታመም የልጆቹና የእኅቶቹ ትዳር ጭምር ይፈርስ ነበር። ስለዚህ በሽተኛው ሕመሙን መደበቅ ለቤተሰቡ የሚያደርገው ውለታ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ነገር ግን ይህ ፍርሃት ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከታዘባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ተለይተው ሳይሆን ከሕዝቡ ጋር አብረው ይኖራሉ፤ ለአምላክ ብለው የሚያጥቧቸውና ቁስላቸውን የሚያክሙላቸው ሰዎችም አሉ። በዚያው ዘመን በአውሮፓ እንደነዚህ ያሉ ሕሙማን ከከተማ ውጭ ተለይተው ይኖሩ ስለነበር ነገሩ ለእንግዳው አስገራሚ ነበር።

በእስልምናው ዓለም ታሪክም ቢሆን የምናገኘው መሸሽን ብቻ አይደለም። ከሥጋ ደዌ ሕመምተኛ መራቅን የሚያዝዝ ሐዲስ መኖሩ እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን የምናስታውሰውም እሱን ብቻ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ጋር ከአንድ ገበታ መብላታቸውን የሚናገር ዘገባም አለ፤ ዑለሞች በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩበትም ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ጽፈዋል። ታሪክ ጸሐፊው በላዙሪ እንደመዘገበው ደግሞ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም በተጓዙ ጊዜ በሥጋ ደዌ የተያዙ ክርስቲያኖችን አግኝተው ከምጽዋቱ ገንዘብ እንዲሰጣቸውና ቀለብ እንዲቆረጥላቸው አዝዘዋል። በ707 ደግሞ ኸሊፋው አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ በደማስቆ የሕክምና ቤት አቋቁሞ ለእነዚህ ሕሙማን ደመወዝ ቆርጦላቸዋል፤ ዓላማውም በየመንገዱ እንዳይለምኑ ነው። ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ አልተጣሉም ግን። በመለየትና በመጣል መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

እጁን የሚበላው ማን ነው?

እንግዲህ ወደ በሽታው ራሱ እንምጣ። በ1873 የኖርዌዩ ሐኪም ገርሐርድ አርማወር ሐንሰን በበርገን ከተማ ሆኖ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኘ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት በሽታው የዘር ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሐንሰን ግኝት ግን በሽታው የዘር ሳይሆን እንደ ሳንባ ነቀርሳ በጀርም የሚመጣ መሆኑን አመለከተ። ይህ ከተገኘ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ በእኛ ሰፈር ግን ዛሬም «ዘራቸው ነው» የሚል አለ።

ይህ ባክቴሪያ በጣም ዝግ ብሎ የሚያድግ ነው። ከተያዙበት ጊዜ አንስቶ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይፈጃል። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ስለሚቋቋመው ጀርሙ ቢደርስበትም አይታመምም። መኖሪያው ቆዳና ነርቭ ነው። ነርቭ ማለት ሙቀትን፣ ሕመምንና መዳሰስን ከጣት ወደ አንጎል የሚያደርስ ሽቦ ነው ብላችሁ አስቡት። በክርናችን ውስጠኛ ጎን፣ ስንመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ አለ። ሥጋ ደዌ ይህን ነርቭ ያሳብጠዋል፤ ስለዚህ መደንዘዙ ብዙ ጊዜ በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣት ላይ ይታያል። የጎረቤቴ ጣት ለምን እንደደነዘዘች ያኔ ገባኝ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልንገራችሁ። ለብዙ ሺህ ዓመታት የሰው ልጅ ጣቶቹን የሚበላው በሽታው ራሱ ይመስለው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ፖል ብራንድ ይህ ስሕተት መሆኑን አስረዳ። ጣት የሚጠፋው በሽታው ስለሚበላው አይደለም፤ የማይሰማው ጣት ስለሚቃጠል፣ ስለሚቆረጥ፣ ቁስሉም ሳይታወቅ ስለሚመረቅዝ ነው። እኛ ስንቃጠል እጃችንን የምንሰበስበው ሕመም ስላለ ነው። ሕመም ከአላህ የተሰጠን ጠባቂ ነው። ነርቩ የሞተበት ሰው ግን ጠባቂው ተወስዶበታል፤ የፈላ ጀበና ይይዛል፣ ቁስል ባለው ጣቱ ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

ታዲያ አስቡት፤ እጅን ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱ መደበቅ ነው። እጁን በጋቢ የሸፈነ ሰው ቁስሉን ከሰው ብቻ አይደለም የሚሸፍነው፤ ከራሱም ነው።

በአገራችን የሆነው

በአገራችን ለእነዚህ ሕሙማን መጠለያ ተብሎ የተሠራው ቀደምት ቦታ በ1901 በሐረር የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአዲስ አበባ ዳርቻ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተሠራ። ዛሬም ሰፈሩ ዘነበወርቅ ይባላል። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ በሻሸመኔ፣ በወሎ ቦሩ ሜዳ፣ በሐረርጌ ቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። ከእኛ ከደቡቡ ለሚነሣ ሰው የቀረበው የሻሸመኔው ነበር። ከጋሞ ተራሮች ተነሥቶ እስከዚያ መሄድ በዚያ ዘመን ቀላል ጉዞ አልነበረም። የሄደ ሰውም ብዙ ጊዜ አልተመለሰም፤ ቢድንም እንኳ የሚቀበለው አጥቶ ከሆስፒታሉ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ኖረ። የዘነበወርቅ አካባቢም እንዲሁ ነው የሰፈር መልክ የያዘው።

በ1965 በዘነበወርቅ ሆስፒታል ላይ አለርት ተመሠረተ። ይህ ተቋም ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ስለ ሥጋ ደዌ የሚያስተምር ማዕከል ሆነ። የተጣመመ ጣትን ጅማት አዛውሮ የማቅናት ቀዶ ጥገና፣ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ መሥራት፣ ነርቭን በእጅ ዳስሶ ማበጡን ማወቅ፤ እነዚህ ሁሉ እዚያ ተምረዋል። በ1970 ገደማ አጠገቡ በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። አገራችን በዚህ ጉዳይ ተማሪ ብቻ አልነበረችም፤ አስተማሪም ነበረች።

መድኃኒቱስ? በ1940ዎቹ ዳፕሶን የሚባለው ኪኒን ወጣ። ሆኖም ብቻውን ለዓመታት ሲሰጥ ጀርሙ ተላመደው። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 ሁለትና ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ይህ ሕክምና በአገራችን በ1983 ተጀመረ። የበሽታው ምልክት ጥቂት ለሆነበት ሰው ስድስት ወር፣ ብዙ ለሆነበት አሥራ ሁለት ወር ይሰጣል፤ በነፃ ነው። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። በ1999 ኢትዮጵያ በመድኃኒት ላይ ያሉ ሕሙማኗ ቁጥር ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች ሆነ። ይህ ግን በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ ከበሽታው የዳኑ ሰዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሥርተው ስለ ራሳቸው መናገር ጀምረዋል።

ሁሉም መደንዘዝ ያ በሽታ አይደለም

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን እጁ የደነዘዘ ሁሉ ሥጋ ደዌ ያለበት አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው የለበትም። ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ታሪክ ይህን ያስረዳናል። ፓውሳንያስ የሚባል የሶርያ ተወላጅ ምሁር ወደ ሮም መጣ። በግራ እጁ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣትና የመካከለኛዋ ጣት ግማሽ ደንዝዘውበታል። ሐኪሞች ጣቶቹን በመድኃኒት ቢቀቡም አልተሻለውም። ጃሊኑስ የተባለው ታላቁ ሐኪም ግን ስለ ጣቱ ሳይሆን ስለ ሕይወቱ ጠየቀው። ሰውየው በመንገድ ላይ ከሠረገላ ወድቆ ከአንገቱ በታች ተመትቶ ኖሯል። ጃሊኑስ መድኃኒቱን ከጣቱ አንሥቶ ጀርባው ላይ አደረገው፤ ሰውየውም ዳነ። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ሑነይን ኢብን ኢስሓቅና ባልደረቦቹ የጃሊኑስን መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ መለሱ፤ ራዚና ኢብን ሲናም ከእነሱ ተማሩ። ትምህርቱ አንድ ነው፦ የሚደነዝዘው እጅ ቢሆንም ምክንያቱ ከእጅ ርቆ ሊገኝ ይችላል።

በእጅ አንጓም ሊገኝ ይችላል። በአንጓችን ውስጥ ነርቭና ጅማቶች አብረው የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። አንጓ ሲያብጥ ወይም አንድ ዓይነት ሥራ ሲደጋገምበት ነርቩ ይጨመቃል። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፌለን ይህን ሕመም በሰፊው አስተዋወቀ። ምልክቱ ይለያል፤ የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መካከለኛ ጣት ናቸው፤ የሚብሰው ሌሊት ነው፤ ሰውየው ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁን ሲያራግፍ ይቀልለዋል። እንዝርት የምታሾር፣ ቡና የምትወቅጥ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ በተለይም ነፍሰ ጡር፣ ይህን ታውቀዋለች።

የስኳር በሽታም አለ። ብዙ ዓመት ያልተቆጣጠሩት ስኳር ነርቭን ይጎዳል፤ መደንዘዙ ከእግር ጣቶች ይጀምርና ቀስ በቀስ እጅ ላይ ይደርሳል። ምግብም አለ። በ1890ዎቹ፣ በዛሬዪቱ ኢንዶኔዥያ፣ ክርስቲያን አይክማን የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም የተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች ነርቫቸው ሲታመም፣ ገለባው ሲጨመርላቸው ግን ሲድኑ አየ። እጅና እግር የሚያደነዝዘው ቤሪቤሪ የሚባል በሽታ ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣ የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

መድኃኒትም ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በ1952 ለሳንባ ነቀርሳ የመጣው ኢሶኒያዚድ አንዳንዱን ሰው ስለሚያደነዝዝ ሐኪሞች ቫይታሚን ቢ6 ይጨምሩለታል። በ2005 በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ስታቩዲን የሚባለው የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ የብዙዎችን እግርና እጅ ግን አደንዝዟል። በ2009 የዓለም የጤና ድርጅት ቀስ በቀስ እንዲቀር ስለመከረ ዛሬ በሌላ ተተክቷል። ያኔም ቢሆን «ከደነዘዘኝ መድኃኒቱን ልተወው» ያለ ሰው ተጎዳ፤ ለሐኪሙ የነገረ ሰው ግን ተቀየረለት።

አንድ ቤት፣ ሁለት እጅ

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት እጁን መጨበጥ ነው፤ የታመመውን እጅ። «ትናንት አጠፋሁ፣ ዐፉ በለኝ» አልኩት። «እኔም ብሆን እንዳንተ አደርግ ነበር» አለኝ። ይህ መልስ ከወቀሳ በላይ ቆረቆረኝ። ከዚያ አብረን ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ክርኑን ዳሰሰ፤ ጀርባው ላይ እሱ ራሱ አይቶት የማያውቅ ፈዘዝ ያለ ምልክት አገኘ፤ በጥጥ ነካ ሲያደርገው አልተሰማውም። ሥጋ ደዌ ነበር። የአሥራ ሁለት ወሩን መድኃኒት ጀመረ።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሌሊት ሌሊት የእሷም እጅ ይደነዝዝ ነበርና «ለእኔም አስተላለፈብኝ» አለች። እሷም ደብቃ ኖራለች። የቤተሰቡ ሁሉ ቆዳና ነርቭ ሲመረመር ልጆቹ ደኅና ሆነው ተገኙ። የእሷ ደግሞ የአንጓ ነርቭ መጨመቅ ነበር፤ ከእንዝርቱ የመጣ። አንጓዋን ሌሊት ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ነገር እንድታስርና ሥራውን እያረፈች እንድትሠራ ተነገራት፤ በጥቂት ሳምንታት ቀለላት። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መኝታ ላይ፣ ሁለት የደነዘዙ እጆች ነበሩ፤ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች፤ አንድ ፍርሃት።

ጎረቤቴ ዛሬ ድኗል፣ አልሐምዱ ሊላህ። ሁለት ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀርተዋል። ሐኪሙ በመጀመሪያው ዓመት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አይታጠፉም ነበር ብሎናል። አሁንም ይሸምናል፤ መወርወሪያውን በዚያው እጁ ይቀበላል። ያ የመደበቅ ዋጋ ነው፤ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ጣት።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የምንወስደው ምንድን ነው? ቆዳ ላይ የፈዘዘ፣ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ፤ ሳይሰማችሁ ከተቃጠላችሁ፤ መደንዘዙ ካልለቀቀ ወይም እጅ ከደከመ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ። በድንገት የአንድ ጎን እጅና ፊት ከደነዘዘ፣ አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ የአንጎል ደም ሥር ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርግ ሰዎች እጃችንንና እግራችንን የማየት ዕድል አምስት ጊዜ አለን፤ በልጆቻችን ላይም እንዲሁ። እጁ የደነዘዘ ሰው ውዱእ ሲያደርግ የውኃውን ሙቀት በሚሰማው ቦታ ይለካ።

እኛም ጤነኞቹ የምንሠራው አለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው አስተምረውናል። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ተቀምጧል። ሰውን ከዚያ የሚያግደው ብዙ ጊዜ የመንገዱ ርቀት ሳይሆን የእኛ ፊት ነው። እጁን ሊያሳየን የመጣ ሰው በፊታችን ላይ የሚያነበው ነገር ወይ ወደ ሐኪም ይወስደዋል፣ ወይ ወደ ጋቢው ይመልሰዋል። እኔ አንድ ሌሊት ልመልሰው ነበር። እናንተ እንደኔ አትሁኑ።

ወሏሁ አዕለም።